በረዶው የማን ነው? ቆሻሻውስ ለምን ሳይነሳ ቀረ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በሁለት ጉዳዮች ዙሪያ ናቸው፦ የእግረኛ መንገድ በረዶ ጠረጋና የቤት ቆሻሻ ማንሳት። ሁለቱን በአንድ ገጽ ያስተናገድናቸው በምክንያት ነው። የበረዶው ክምርም ሆነ የቆሻሻው በርሜል የሚሻሙት ከመንገዱ ጠርዝ ጋር የተያያዘችውን ያቺኑ አንድ ሜትር መሬት ነው። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ ሁለቱን ሥራ የሚሠሩት እነዚያው ሠራተኞች በእነዚያው መኪኖች ናቸው። ሰዓት ስንጠቅስ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የእግረኛ መንገዱ የከተማው ንብረት ነው፣ ግብርም ይከፈልበታል። ታዲያ በረዶውን ለምን እኛ እንጠርጋለን? እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ፤ ያውም የጥግ ቤት።

መልስ፦ መሬቱ የከተማው ቢሆንም የመጥረጉ ግዴታ በደንብ ተጽፎ አዋሳኙ ቤት ላይ የተጣለባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ከተማው መኪና የሚሄድበትን አስፋልት ይጠርጋል፤ እግረኛ የሚሄድበት ለባለንብረቱ ይተዋል። የእግረኛ መንገድ ጠባብና ረጅም ነው፤ በዛፍ፣ በምሰሶና በደረጃ የተቆራረጠ በመሆኑ ትልቁ መኪና አይገባበትም፤ በትንሽ ማሽን ይጠረግ ቢባል ብዙ ሠራተኛና ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሞንትሪያል ይህን ወጪ ችሎ የእግረኛ መንገዱንም ራሱ ይጠርጋል። ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቦስተን፣ ቺካጎና ሚኒያፖሊስ ለነዋሪው ትተውታል።

ከተሞቹ የሚለያዩት በተሰጠው ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ ላይ በረዶው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ካቆመ የ4 ሰዓት ጊዜ አለዎት። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ካቆመ 14 ሰዓት ነው፤ ሌሊት ካቆመ ደግሞ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት። ዋሽንግተን ዲሲ በረዶው ካቆመ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ይሰጣል። ቦስተን ቸኩሎ ነው፦ በረዶው ካቆመ 3 ሰዓት፣ ሌሊት ካቆመ ፀሐይ ከወጣች 3 ሰዓት። ሚኒያፖሊስ ለአንድና ለሁለት አባወራ መኖሪያ ቤት 24 ሰዓት ሲፈቅድ ለአፓርታማና ለንግድ ቤት 4 የቀን ሰዓታት ብቻ ነው።

በእነዚህ አራት ከተሞች መነሻው በረዶው ያቆመበት ሰዓት ነው። ይህን አይቶ እስኪያቆም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም። 20 ሴንቲ ሜትር እንደሚጥል ከተነገረ ግማሹ ሲጥል አንዴ፣ ሲያቆም አንዴ ይጥረጉ። ሥራውን የሚያከብደው ከጥልቀቱ ይልቅ የእግር ኮቴ ነው። ሰው የረገጠው በረዶ ታምቆ ሌሊቱን ከሲሚንቶው ጋር ይጣበቃል፤ ማታ በአንድ የአካፋ ግፊት ይሄድ የነበረው ጠዋት መፈልፈያ ይፈልጋል።

ስለ ተከራይነትዎ፦ የኪራይ ውሉን አውጥተው ያንብቡ። ከተማው ቅጣቱን በአብዛኛው የሚልከው ለባለንብረቱ ነው፤ ባለንብረቱ ደግሞ በውሉ ላይ «በረዶ ጠረጋ የተከራይ ነው» የሚል አንቀጽ ካለ ወደ እርስዎ ይዞርበታል። የኒው ዮርክ ደንብ ከባለቤቱ ጋር ተከራዩንም በስም ስለሚጠራ እዚያ «እኔ ተከራይ ነኝ» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ውሉ ዝም ካለ ከአከራይዎ ጋር አሁኑኑ በጽሑፍ ተስማሙ፤ አካፋና ጨው የሚገዛው ማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።

የጥግ ቤት ከሆነ ሁለቱም ጎን የእርስዎ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ወደ መሻገሪያው የሚወርደውን ዝቅ ያለ መውጫ ነው። በረዶ ጠራጊው መኪና ሲዞር ያቺን ቦታ ይደፍናታል። በዊልቸር ወይም በሕፃን ጋሪ የመጣ ሰው ንጹሕ በተጠረገ መንገድ መጥቶ የግማሽ ሜትር ግድግዳ ፊት ይቆማል፤ ያለው አማራጭ ተመልሶ መኪና መንገድ ውስጥ መግባት ነው። ስፋቱም ይቆጠራል፤ ቦስተን ቢያንስ 107 ሴንቲ ሜትር፣ ቺካጎ 1.5 ሜትር ይጠይቃሉ። አንድ የአካፋ ስፋት ከፍቶ መግባት ጥረጋ አይባልም።

ጥያቄ፦ አንድ ሙሉ ከረጢት ጨው በተንሁበት፣ በረዶው ግን እንዳለ ነው። ጨዉ የተበላሸ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ ሲሚንቶህን ትጨርሰዋለህ ይለኛል።

መልስ፦ ጨው አይበላሽም። ጨው ሙቀት የለውም፤ የሚሠራው በበረዶው ገጽ ላይ ባለው ስስ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ውሃው የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ በማድረግ ነው። ተራው ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በጣም ስለሚዘገይ ቢደፉትም ዋጋ የለውም። የሚለካው ደግሞ የመሬቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ በንጋት ሲሚንቶው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስልክዎ ከዜሮ በታች 6 ቢልዎትም እግርዎ ስር ያለው ከዜሮ በታች 9 ሊሆን ይችላል።

ብርዱ ከዚያ ከባሰ ማግኒዥየም ክሎራይድ እስከ ከዜሮ በታች 15 ገደማ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ እስከ ከዜሮ በታች 29 ገደማ ይሠራሉ። ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ይስባል፣ ሲሟሟም ሙቀት ያወጣል፤ ፍጥነቱ ከዚህ ነው። በጓንት ይያዙት፤ እጅ ያቃጥላል። ከረጢቱ ላይ «ለእንስሳት ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ አይመኑት፤ ገልብጠው የተሠራበትን ያንብቡ፤ እነዚያው ክሎራይዶች ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

መጠኑ ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ፣ 350 ግራም ገደማ፣ ለ23 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይህ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው 15 ሜትር መንገድ ነው። ሲበትኑ በፍሬና በፍሬ መካከል 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይታይ። መሬቱ ነጭ እስኪሆን መድፋት ሥራውን አያፋጥነውም፤ የተረፈው በጫማ ተጣብቆ ቤት ይገባል ወይም ታጥቦ የዛፍ ሥር ያደርቃል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በአካፋ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ይጥረጉ። ተጣብቆ የቀረው ላይ ብቻ ጨው ይበትኑ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የጨዉ ሥራ በረዶውን ሁሉ ማቅለጥ አይደለም፤ ከሥር ሰርጎ ከሲሚንቶው ማላቀቅ ነው። ጫፉን በአካፋ ሲነኩት እንደ ቅርፊት ከተነሳ ጊዜው ደርሷል፤ ይፈልፍሉና ድጡን ገፍተው ከመንገዱ ያውጡት። እዚያው ከተዉት ጨዉ ውሃው ውስጥ እየሳሳ ይሄድና ማታ እንደ መስተዋት ይረጋል። «ጨው አድርጌበት ባሰበት» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍል ውሃ የሚያፈሱም አሉ፤ እሱ ከጨዉም የከፋ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳና የማይታይ በረዶ ይሠራል።

ጎረቤትዎ በከፊል ልክ ናቸው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨው በረዶው እንዲቀልጥና እንደገና እንዲረጋ ስለሚያደርግ በሲሚንቶው ቀዳዳ የገባው ውሃ ደጋግሞ እየሰፋ ገጹን ይልጠዋል። በደንብ የተሠራ አሮጌ ሲሚንቶ ይችለዋል። ከተፈሰሰ ዓመት ያልሞላው ግን የመጀመሪያውን ብርድ ያለ ጨው ይለፍ፤ አሸዋ ይበትኑበት። አሸዋ አያቀልጥም፣ እግር እንዳይንሸራተት ብቻ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከበረዶው ላይ መሆን አለበት፤ አዲስ በረዶ ከሸፈነው እንደገና ይበተናል። ሲደርቅ ጠርገው ያንሱት፤ የጎርፍ ማስወገጃው ውስጥ ከገባ ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ የመኪና መግቢያዬን ጠርጌ ስጨርስ የከተማው መኪና መጥቶ መልሶ ይደፍነዋል። ሆን ብለው ነው?

መልስ፦ ሆን ብለው አይደለም። የመግፊያው ብረት በረዶውን ወደ ጠርዙ እንዲተፋ ገደድ ተደርጎ የተገጠመ ነው፤ ሹፌሩ በየቤቱ በር ላይ ያንሳው ቢባል ብረቱ ፊት የተጠራቀመው ሁሉ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

የሚከላከሉት በቦታ ምርጫ ነው። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ፊትዎን ወደ መንገዱ አዙረው ሲቆሙ ጠራጊው የሚመጣው ከግራዎ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ግራ በኩል፣ ጠርዙን ይዘው 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባዶ ኪስ ይጥረጉ። ብረቱ ተሸክሞት የመጣው በረዶ ኪሱ ውስጥ ይወርዳል፤ መግቢያዎ ጋ ሲደርስ የሚተፋው ትንሽ ነው። ከመግቢያው የሚያወጡትን በሙሉ በቀኝ በኩል ይከምሩ፤ በግራ ከከመሩት ጠራጊው መልሶ ያስገባልዎታል። በግራ በሚነዳበት አገር ይገለብጡታል።

በረዶውን ወደ መኪናው መንገድ መወርወር ኒው ዮርክን ጨምሮ በብዙ ከተማ ያስቀጣል። የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ቤትዎ አጠገብ ካለ ዙሪያውን አንድ ሜትር ክፍት ያድርጉ፣ ወደ መንገዱ የሚወስድ መተላለፊያም ይተዉ። የጎርፍ ማስወገጃው አፍም ይከፈት፤ አለበለዚያ በሚቀልጥበት ቀን ኩሬው እርስዎ ደጅ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ አካፋውን ካልያዝኩ ብለው ያስቸግሩናል። ቀላል ሥራ ነው ይላሉ።

መልስ፦ በቁጥር ያሳዩዋቸው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ከጣለ 2.25 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅና ብናኝ ከሆነ አንዱ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 225 ኪሎ ይሆናል። እርጥብ ከሆነ 300 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ያቺው መንገድ 675 ኪሎ ትሆናለች፤ በየጊዜው 5 ኪሎ ቢያነሱ 135 ጊዜ ማጎንበስ ነው። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ ድንገተኛ ጉልበት ሲጨመር ልብ ይጨነቃል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ከሆነ አካፋውን ጭራሽ አይንኩ።

የሚጠርገው ሰው ጤነኛም ቢሆን ከማንሳት ይልቅ ይግፋ፤ ማንሳት ግድ ከሆነ ጉልበቱን አጥፎ፣ ግማሽ አካፋ ብቻ፣ ወገቡን ሳያጣምም። ደረት ላይ ጫና፣ የግራ ክንድ ሕመም ወይም ያልተለመደ ላብ ከመጣ አካፋው እዚያው ይጣል፣ አምቡላንስ ይጠራ። ለእናትዎ ሥራ ካስፈለገ ጨው መበተኑን ይስጧቸው፤ እሱም ቢሆን ሌላ ሰው ከጠረገ በኋላ።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ በረዶ ከተማው ለምን አያቀልጠውም?

መልስ፦ ጉልበቱ አይቻልም። አንድ ቶን በረዶ ለማቅለጥ ብቻ 93 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። መንገዳቸውን የሚያሞቁት ሙቀቱን ከሌላ ቦታ ያገኙ ናቸው፦ ሬይክያቪክ ከምድር ከርሰ ሙቅ ውሃ፣ በሚሺጋን ያለችው ትንሿ ሆላንድ ከተማ ከኃይል ማመንጫ ከሚተርፍ ሙቀት። ሞንትሪያል በመኪና ጭኖ ይወስዳል፤ ብዙው የሚራገፈው ፍራንኮን በሚባል የቀድሞ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጭነቱ ከመጀመሩ በፊት ብርቱካንማ የመኪና ማቆም ክልከላ ይተከላል፣ ሳይረን ይነፋል፤ ያልተነሳ መኪና ይጎተታል። ሄልሲንኪ የእግረኛ መንገድ ላይ የተፈጨ ጠጠር ይበትንና ብርዱ ሲያልፍ ጠርጎ ያነሳዋል። ሳፖሮ ደግሞ በየመሻገሪያው አሸዋ ያለበት ሳጥን ያስቀምጣል፤ እግረኛው ራሱ አንስቶ ይበትናል። ይህን ሌላውም ከተማ ቢቀዳው ባይ ነን።

ጥያቄ፦ በረዶ በጣለ ቁጥር ቆሻሻችን ሳይነሳ ይቀራል። መኪኖቹ ግን ሰፈር ውስጥ ሲዞሩ እናያለን። በርሜሉን እናስገባው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ ያዩት መኪና ሌላ ሥራ ላይ ነው። በኒው ዮርክ ቆሻሻ የሚያነሳውም በረዶ የሚጠርገውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 የመንገድ ጽዳት መምሪያ ተብሎ የተቋቋመው የዛሬው የጽዳት መምሪያ። ከባድ በረዶ ሲተነበይ በቆሻሻ መኪኖቹ ፊት የመግፊያ ብረት ይገጠማል፣ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ይታሰራል። መንገዱ እስኪከፈት ቆሻሻው ይጠብቃል።

ሥራው በተለያየባቸው ከተሞችም መዘግየት አለ። የቆሻሻ መኪና ሲሞላ 20 ቶን ያልፋል፤ ያልተጠረገ ቁልቁለት ላይ አንዴ ከተንሸራተተ የሚያቆመው የለም። በሁለት ወገን በረዶ የተከመረበት ጠባብ መንገድም አያሳልፈውም።

ማስገባት ወይም መተው የሚወሰነው ከተማው በሚከተለው አሠራር ነው። አንዱ «አንድ ቀን መግፋት» ነው፤ ማክሰኞ የነበረው ረቡዕ፣ ረቡዕ የነበረው ሐሙስ እየሆነ ሳምንቱ ይገፋል። እንዲህ ከሆነ በርሜሉ ይቆይ። ሌላው «መዝለል» ነው፤ ቀጣዩ ሳምንት በመደበኛው ቀን እጥፉ ይነሳል። እንዲህ ከሆነ ያስገቡት፣ በረዶ ጠራጊው እንዳይገጨው። የትኛው እንደሆነ የከተማው ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል። ተራው ቆሻሻና ሪሳይክሉ (ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለው) በተለያየ ቀን በሚነሳበት ከተማ መጀመሪያ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ የሚሸተው ነው፤ ካርቶንና ጠርሙሱ ወደ ኋላ ይገፋል።

ጎረቤት ተነስቶ የእርስዎ ከቀረ ግን የበረዶው ጉዳይ ስላልሆነ ያመልክቱ። ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተንና ቶሮንቶን ጨምሮ በብዙ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ቁጥሩ 311 ነው። ሲደውሉ አድራሻውን፣ የቀረው ተራው ቆሻሻ ይሁን ሪሳይክል፣ በርሜሉ ስንት ሰዓት እንደወጣ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ጠርዙ ላይ የበረዶ ክምር አለ። በርሜሉን የት ላቁመው? ደግሞ ሲያነሱት ግማሹ ቆሻሻ ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል።

መልስ፦ ክምሩ ላይ አይስቀሉት፣ ከኋላውም አይደብቁት፣ መኪናው መንገድ ውስጥም አያውርዱት። በሰው ጉልበት በሚጫንበት ከተማ ሠራተኛው ክምሩን ተራምዶ በርሜል መሸከም አለበት፤ ወገብ የሚሰበረው እዚያ ነው። በሜካኒካል ክንድ በሚነሳበት ከተማ ደግሞ ሹፌሩ ከጋቢናው አይወርድም፤ ክንዱ የማይደርስበትን ጥሎ ይሄዳል።

የመኪና መግቢያዎ አፍ ላይ፣ ከዳር በኩል ያለው የተጠረገ ቦታ ከሁሉ ይሻላል። መግቢያ ከሌለዎት ክምሩን በአካፋ ቆርጠው እንደ መስኮት ይክፈቱት፤ ስፋቱ የበርሜሉን ያህል ሆኖ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ይጨመርበት። ጎማውና እጀታው ወደ ቤቱ፣ ክዳኑ የሚከፈትበት ወደ መንገዱ ይዙር። ከሌላ በርሜል፣ ከምሰሶና ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ይራቅ። ክዳኑ ይገጠም፤ ካልገጠመ በረዶ ይሞላበታል፣ ክንዱ ሲገለብጠውም መንገድ ላይ ያራግፈዋል።

የሚወጣበትንም ሰዓት ይዩ። ኒው ዮርክ ላይ ክዳን ባለው በርሜል ከሆነ ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ጀምሮ፣ በከረጢት ብቻ ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከ1 እስከ 9 መኖሪያ ያላቸው ሕንጻዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 አጋማሽ ወዲህ ቆሻሻቸውን ክዳን ባለው በርሜል ማውጣት ግዴታቸው ነው።

የሚጣበቀው እርጥበቱ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ፈሳሽ ከከረጢቱ ሾልኮ ታች ይረጋና ከረጢቱን ከፕላስቲኩ ጋር ያስረዋል፤ ክንዱ ሁለት ሦስቴ አራግፎት ይመልሰዋል። ባዶውን በርሜል ሲመልሱ ታች ጠፍጣፋ ካርቶን ወይም ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ። ምግቡን ውሃውን አጥልለው፣ ከረጢቱን አጥብቀው ይሰሩ። ከተጣበቀ ጠዋት በመጥረጊያ እንጨት በጎኑ እየሰደዱ ያላቁት። በብረት አይምቱት፤ በብርድ ፕላስቲክ ተሰባሪ ነው።

ጥያቄ፦ የእሳት ማሞቂያ አመድና ያረጁ የስልክ ባትሪዎች አሉኝ። ሌላው ቆሻሻ ውስጥ ልጨምራቸው?

መልስ፦ ሁለቱንም አይጨምሩ። አመድ ላዩ ሲታይ የሞተ ቢመስልም ውስጡ ያለው ፍም ለቀናት ይቆያል። ክዳኑ የሚገጥም የብረት ዕቃ ውስጥ ያድርጉት፣ ውሃ ይርጩበት፣ ከቤቱ፣ ከበረንዳውና ከመኪና ማቆሚያው 3 ሜትር አርቀው ሲሚንቶ ላይ ያቁሙት። ቢያንስ ከአራት ቀን በኋላ፣ እጅ ሲነካው ፍጹም ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ በከረጢት ታስሮ ይጣላል፤ ከተማው ከፈቀደ። ካርቶን ሳጥን ወይም የወረቀት ከረጢት ውስጥ ማቆየት የቤት ቃጠሎ መንስኤ ነው።

የስልክና የኮምፒውተር ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲጨፈለቅ ይቀጣጠላል፤ የቆሻሻ መኪናው ሥራ ደግሞ መጨፍለቅ ነው። ጭነቱ ከነደደ ሹፌሩ ቆሻሻውን በሙሉ መንገድ ላይ ይዘረግፈዋል፤ መኪናውን የሚያድንበት ሌላ መንገድ የለውም። በረዶ በተከመረበት ጠባብ መንገድ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ያለውን ያስቡት። የሪሳይክል በርሜል ውስጥም አይገቡም። የባትሪውን ጫፎች በፕላስተር ይሸፍኑ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ያስቀምጡና ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይውሰዱ፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች ብዙውን ጊዜ ይቀበላሉ። ያበጠ ባትሪ ካለ አይቅደዱት፣ አይጫኑት፤ አሸዋ ያለበት የብረት ዕቃ ውስጥ አድርገው ከቤት ውጭ ያቆዩትና የከተማውን የአደገኛ ቆሻሻ ክፍል ይጠይቁ።